እሳት ያለፈባት ሥር

ሀይማኖት ያቺን ቢጫ አበባ ባለፈው ኅዳር ስታገኛት ቆርጣ አደረቀቻት፣ ቅጠሏን ለካች፣ ሥሯን ግን ዞር ብላም አላየች። አበባ ፊት ቆሞ ማን ሥር ያስባል? አማካሪዋ ግን ጽሑፏን መለሱላት። «ከዓመት ዓመት ትኖራለች ብለሻል። ሥሯ የታለ?» ሥሩን ካላመጣች ሁለት ዓመት የለፋችበት የመመረቂያ ጽሑፍ አያልፍም።

በግንቦት ከእንጅባራ በሚኒባስ ወደ ጥሊሊ፣ ከዚያም በእግሯ አበባዋን ወዳገኘችበት ወደ አሮጊቷ ገበሬ ወደ እማማ ደጊቱ ማሳ ሄደች። ስትደርስ ማሳው ላይ ለከሰል የተተከለው የዲከረንስ ዛፍ ተቆርጦ ከስሏል፤ አበባዋ የነበረችበት ቦታ ላይ ከሰሉ ከስሎ አመድ ብቻ ቀርቷል።

«አለቀልኝ!» አለች።

«ምኑ ነው የሚያልቀው?» አሉ እማማ ደጊቱ እየሳቁ። «ዲከረንሱ ከመተከሉ በፊት ጀምሮ እንደ አረም ስነቅላት ኖሬአለሁ። እኔ አረጀሁ እንጂ እሷ መች አረጀች!»

ዶማቸውን አንስተው እስከ ክርናቸው ቆፈሩ። አውራ ጣት የሚያህል፣ አንድ ጎኑ በእሳት የጠቆረ ሥር ወጣ። አናቱ ላይ በየዓመቱ የደረቀው ግንድ ጠባሳ ትቶበታል። ሀይማኖት በጥፍሯ እየነካች ቆጠረች፤ አሥራ አንድ። ከጠባሳዎቹ መሀል ሁለት ቡቃያዎች ብቅ ብለዋል። የሥጋ ዘመዷ ኑግ በዓመቱ ታጭዶ ያልቃል፤ ይቺ ግን ማረሻውን፣ የዛፉን ጥላና እሳቱን አልፋ ልትበቅል ተነሥታለች። ሀይማኖት አፏን በእጇ ያዘች። «አቤት የፈጣሪ ሥራ!» አለች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ከዚያ ፍርሃት ያዛት። በኅዳር አካባቢውን ሁሉ አስሳ ሌላ አላገኘችም። «እማማ፣ ብወስዳት ዘሯ መጥፋቱ ነው፤ ብተዋት እኔ ወደቅሁ።»

«ድንች ተክለሽ አታውቂም እንዴ፣ ልጄ?»

እማማ ደጊቱ ቢላዋ አውጥተው፣ ለየግማሹ አንድ አንድ ቡቃያ እንዲደርስ አድርገው ሥሩን ለሁለት ሰነጠቁት። የተቆረጠውን ፊት በዚያው በከሰሉ አመድ ቀቡት፤ «እንዳይበሰብስ» አሉ። ግማሹን ለሀይማኖት ሰጥተው ግማሹን መልሰው ቀበሩት።

ጽሑፉ በሰኔ አለፈ። በጥቅምት ስልኳ ጮኸ።

«አበባ አውጥታለች፤ ነይና እያት» አሉ እማማ ደጊቱ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ጤፉን ሳርም ደረስኩባት፣ ልጄ። ልነቅላት ብል እጄ እምቢ አለኝ።»