ቀጭን ቧንቧ አይበቃም

ማልሱን አንድ ነገር ከያዘች አትለቅም። በአንዶንግ ከተማ ዳገት ላይ ላለው ሰፈራቸው የተፈጥሮ ጋዝ ሊገባ ነው ሲባል ጎረቤቶቿ ሁሉ ሲሊንደር ከመጎተት ተገላገልን ብለው ፈነጠዙ። እሷ ግን በሆዷ ሌላ ነገር ይዛለች።

ቧንቧ ገጣሚው ፔክ የመለኪያ ሜትሩን ይዞ በመጣ ዕለት ልጇ ዱሺክም ሱቁን ዘግቶ መጥቶ ነበር።

«እማማ፣ እዚህ ቤት ምን ምን ነው የሚነደው?» አለ ፔክ። «የቧንቧው ውፍረት በሚነደው ብዛትና በርቀቱ ነው የሚወሰነው። ከቀጠነ መጨረሻ ላይ ያለው ምድጃ ጋዝ ያጥረዋል።»

«ምን ይነዳል ብለህ ነው? ብቻዋን እኮ ናት!» አለ ዱሺክ። «አንድ ምድጃ፣ አንድ የወለል ማሞቂያ። ቀጭኑን ዘርጋና ገላግለን።»

«የተጠየቅኩት እኔ ነኝ፤ አንተን ማን አናገረህ?» አለችው ማልሱን፤ ከዚያ ወደ ፔክ ዞረች። «ምድጃው አለ፣ የወለል ማሞቂያው አለ፤ ግቢው ውስጥ ደግሞ በየዓመቱ ለአባቱ መታሰቢያ ትልቁ ድስት የሚጣድበት ምድጃ አለ። አሁን ና ተከተለኝ።»

ኪምቺው፣ የኮመጠጠው ጎመን፣ በሚብላላባቸው ማሰሮዎች በኩል አልፋ ከጓሮ ያለውን አሮጌ ክፍል ከፈተችለት። ግድግዳው አዲስ ወረቀት ተለጥፎበታል፤ ወለሉም ተወልውሏል።

«እዚህም ማሞቂያ፣ እዚህም ምድጃ። እስከዚህ ድረስ ለካ።»

ዱሺክ ነገሩ ወዲያው ገባው።

«ኢንሱክን ልታመጫት ነው!»

«አዎ፣ እህትህን ከነልጇ። ከተፈታች ወዲህ በየሰው ቤት ጥግ ስትንከራተት ዝም አልኩ። ሌላ ክረምት ግን እንደዚያ አትከርምም።»

«ባሏን ጥላ ስማችንን አጎደፈች እኮ! እኔ ከአማቶቿ ጋር ነው የምነግደው። እሷ እዚህ ግቢ ካደረች ለአባባ መታሰቢያ እግሬ ደጁን አይረግጥም። የበኩር ልጅ ሳይኖር ማን እንደሚሰግድለት አያለሁ!»

ይህን ብሎ ወደ በሩ አመራ።  የማልሱን ባል ከሞተ ጀምሮ ዱሺክ፣ ስግደቱ የበኩር ልጅ ወግ ነውና፣ ያልሰገደበት መታሰቢያ የለም፤ ልጁም እንደ አባቱ ግትር ነው፤ ያለውን ያደርጋል። እሷ የፈለገችው ሁለቱንም ልጆቿን ነበር።

ፔክ መሬት መሬት እያየ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እማማ፣ እንግዲህ ትልቁ ድስት የማይጣድ ከሆነ እሱን ከሒሳቡ ላውጣው? ቧንቧው ትንሽ ይቀጥናል፣ ቁፋሮውም ይቀልልዎታል።»

«እንዳትነካው!» ድምፅዋን ከፍ አደረገች፤ በሩ ጋ ያለው ዱሺክ እንዲሰማ። «ፔክ፣ ቧንቧው የሚለካው ሁሉም ባንድ ጊዜ ሲነድ እንዲበቃ አይደል?»

«ልክ ነው።»

«እንግዲያው እሷ ከኋላ ወለሏን አሙቃ፣ እሱ ደግሞ እዚህ ለአባቱ ድስት ጥዶ፣ ሁለቱም ግቢዬ ውስጥ ላሉበት ቀን ለካልኝ። እኔ ሞቼም ቢሆን ያ ቀን ሲመጣ ጋዝ አነሰ እንዳይባል!»

በሩ በኃይል ተዘጋ። ማልሱን እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ የሜትሩን ጫፍ ጎንበስ ብላ አነሳችና የኋላው ክፍል ግድግዳ ላይ ይዛ ቆመች።

«በል፣ ሳብ» አለችው።