በንጉሡ ስም የገባው አክታ

ጥር አሥራ ሰባት ቀን ረፋድ ላይ፣ መካነ ሰላም ሆስፒታል፣ ከላቦራቶሪው መስኮት ፊት የነበርነው እናቴ ዓባይነሽ፣ እኅቴ የኔአለምና እኔ ነን። ከመስኮቱ ወዲያ ባለሙያው አሕመድኑር ነበረ። ወንድሜ ንጉሡ አልነበረም። እሱን የቀበርነው በኅዳር ነው።

ንጉሡ ከሳዑዲ ሲመለስ እያሳለ መጣ። ቲቢ ነው፣ ያውም የተለመደው መድኃኒት የማይገድለው ነው አሉት። ሕክምናውን ዘግይቶ ስለ ጀመረ አልተረፈም። ከዐርባው በኋላም ሳሉ ከቤታችን አልወጣም። እሱ ይተኛበት ከነበረው መደብ፣ ከመጋረጃው ጀርባ፣ ሦስት ጊዜ ደረቅ ሳል ይመጣል፤ አራተኛው ይዋጣል። ልክ እንደሱ። እናቴ ወጥ እያማሰለች፣ "ንጉሥዬ፣ ውኃ ላምጣልህ?" ትላለች። ከዚያ እጇ ቀጥ ይላል። መደቡ ላይ አሁን የምትተኛው የኔአለም እንደሆነች ሁለታችንም እናውቃለን። ግን አንናገርም።

የኔአለም ለደጎሎው አራጋው ታጭታለች። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው። የወንድሟ በሽታ አለባት ከተባለ ነገሩ እንደሚፈርስ እናቴ ታውቃለች። ልጅቷ ግን እየከሳች ሄደች። ለንጉሡ ከተሰጡት የአክታ ዕቃዎች አንዱ ሳይነካ ቀርቶ ነበር። የኔአለም ያን ዕለት ጠዋት እሱ ውስጥ ተፋች።

"ስም ጻፍበት" አለችኝ እናቴ።

"የማንን?"

"የንጉሡን። የሞተን ሰው ማን ያጨዋል? ስሙ ቢነሣ ምን ይቀርበታል?"

"እማ፣ እሱ እኮ..."

"ጽሑፍህ ጥሩ ነው። ጻፍ።"

ከነአባቱ አስተካክዬ ጻፍኩት። ከዚያ በፊት ስሙን የጻፍኩት በመቃብሩ መስቀል ላይ፣ በቀለም ነበር።

አሕመድኑር ዕቃውን ተቀበለና፣ "ሁለት ሰዓት ያህል ጠብቁ እናቴ፤ ማሽኑ ይለየዋል" አለ።

"ማሽኑ ሰውዬውን ያውቀዋል?" አለች እናቴ።

"ሰው አያውቅም። የጀርሙን ዘረ መል ነው የሚያነበው። ምን ዓይነት እንደሆነ፣ የትኛው መድኃኒት እንደማይገድለው ይናገራል።"

እናቴ ወደኔ ዞር ብላ፣ "ሰው አያውቅም አለ" ብላ አንሾካሾከች።

የኔአለም አፏን በነጠላዋ ሸፍና ራቅ ብላ ግንቡ ሥር ተቀምጣለች። ሄጄ አጠገቧ ቆምኩ። "ወንድ አደረጋችሁኝ አይደል?" አለችኝ። "እንግዲህ ሠርጉ ይቅርና ከአራጋው ጋር በሬ ተቀናጅቼ አርሳለሁ።" ሳቀች፤ ሳቋ ወደ ሳል ሄደ።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል መስኮቱ ተከፈተ። "ንጉሡ አለምነው!"

እሱ ከተቀበረ ወዲህ ስሙ እንዲህ ጮክ ተብሎ ሲጠራ አልሰማሁም ነበር። እናቴ ብድግ ብላ፣ "አቤት" አለች።

"እሱ ራሱ የታለ?"

"ቤት ነው። ደክሞታል።"

"ዛሬውኑ ይምጣ። ጀርሙ ተገኝቶበታል፤ መድኃኒት የተላመደው ነው። ክኒኑን እፊታችን ነው የሚውጠው፣ ለሌላ ሰው አንሰጥም።" አሕመድኑር መዝገቡን ሲገልጥ እጁ ቆመ። ለረጅም ጊዜ አነበበ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እናቴ፣ ይሄ ሰው በኅዳር ሞቷል ይላል። የሞተ ሰው አክታ አይተፋም።"

እናቴ የመስኮቱን ደፍ ያዘች። "ንጉሡን የገደለው ዓይነት ነው?"

"እንደዚያው ነው።"

"ልጄን ቀብሬ ገዳዩን ቤቴ አስቀምጬዋለሁ" አለች።

"አብሽሩ እናቴ። የማን እንደሆነ ብቻ ይንገሩኝ። ቶሎ ከጀመረ ይድናል።"

ከኋላችን በሰልፉ ላይ የደጎሎ ሰዎች ነበሩ፤ አንደኛዋ የአራጋው አክስት ናት። እናቴ ክንዴን ጨበጥ አደረገችው፤ አትናገር ማለቷ ነው።

ከግንቡ ሥር ሦስት ጊዜ ሳል መጣ። አራተኛው ተዋጠ።

"ንጉሥዬ..." አለች እናቴ፣ ዞራ ሳታይ።

በሰው ፊት መናገር አልችልም። "የኔአለም ናት" አልኩ። አሕመድኑር ስላልሰማኝ ደገምኩት፤ ሰልፉ ሁሉ ሰማ።

አዲስ ዕቃ ሰጠኝና የእኅቴን ስም ጻፍኩበት።

ሰኞ መድኃኒቱን ጀመረች። የአራጋው ሽማግሌዎች በየካቲት መጥተው እጮኝነቱን አፈረሱ። እናቴ ምሳ አብልታ ሸኘቻቸው።