የሃምስተሩ መሮጫ ጨረታ

በሐረር ከተማ፣ ከጀጎል ግንብ ውጭ በሚገኘው የአቶ እንደሻው መኖሪያ ቤት፣ «ዳቦ» ለተባለው ሃምስተር ውስጡ ገብቶ እየሮጠ የሚያሽከረክረውን መሮጫ የሚመርጥ ኮሚቴ በጥቅምት ወር 2007 ዓ.ም. መቋቋሙን ስንገልጽ ታላቅ ክብር ይሰማናል።

ሰብሳቢው ራሱ እንደሻው ነው፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የግዥ ሠራተኛ። ጸሐፊዋ ሚስቱ ወይንሸት። የዳቦ ባለቤት የዘጠኝ ዓመቷ ልጁ ኤደን፣ ያለ ድምፅ ተሳታፊ። ዳቦን የሰጣት ወደ አገሩ የተመለሰ የውጭ አገር አስተማሪ ነበር። ጎረቤት ሁሉ «የፈረንጅ አይጥ» ይለዋል።

«አባዬ፣ የሽቦው አይሆንም። በክፍተቱ እግሩ ይገባል» አለች ኤደን።

«የኔ ቆንጆ፣ ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስበናል። መመሪያው ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበውን ውሰድ ነው የሚለው።»

አሸናፊው አንድ ብየዳ ቤት ሆነ። መሮጫው በገባ በሁለተኛው ቀን የዳቦ የኋላ እግር በሽቦዎቹ መሀል ገብቶ ቀጭ አለ።

እንደሻው ይቅርታ አልጠየቀም፤ አብራራ። ቁርስ ላይ ስለ መመሪያው፣ እራት ላይ ስለ ብየዳው ጥራት፣ ትምህርት ቤት በር ላይ ስለ «ያልታሰበ አጋጣሚ» አብራራ። ኤደን አምስት ቀን ሙሉ አንድ ቃል አልመለሰችለትም። ልጄ ዳግመኛ አታምነኝም የሚል ሐሳብ ቢሮ ድረስ ተከትሎት፣ ማኅተም ገልብጦ መምታት ጀመረ።

ክፍተት የሌለው ክብ ነገር ሐረር ውስጥ የት ይገኛል? ቅዳሜ ጀጎል ገባ። ኤደን የዳቦን ሳጥን አቅፋ፣ አምስት እርምጃ ርቃ ተከተለችው። የአክርማ ስፌት ሰፊዋን እማማ ሳዳን በራቸው ላይ እንደተቀመጡ አገኟቸው።

«ክብ ይሁን፣ ስንዝር ተኩል። ጠርዙ ቀጥ ያለ፣ ውስጡ ለስላሳ፣ መርፌ የማያሳልፍ» አለ እንደሻው።

«ማሻአላህ! ሙሽራዋ ማን ናት?» አሉ፤ ስፌት እሳቸው ዘንድ የሚታዘዘው ለሠርግ ነውና።

«ለዳቦ ነው» አለች ኤደን ሳጥኑን ከፍታ።

እማማ ሳዳ ወስፌያቸውን ጣሉ። «አዑዙ ቢላህ! ለአይጥ ልሰፋ?» ጎንበስ ብለው ሲያዩ ግን በጨርቅ የታሰረውን እግር አዩና ድምፃቸው ወረደ። «ሚስኪን! ማን ሰበረው?»

ኤደን አባቷን ቀና ብላ አየችው።

እንደሻው «መመሪያው...» ብሎ ጀመረና ተወው።

«እኔ ነኝ።»

«ይሄን የሚያህል ሰውዬ! እንዴት አድርገህ?»

«አላብራራም» አለ እንደሻው። «አላብራራም፣ እማማ።»