ሳልጠይቀው የለቀቅኩት መጽሐፍ

አጎቴ የናፍጣ ሞተር መካኒክ ነው። ጋራዡ ውስጥ «ጆሮ» ይሉታል፤ ሞተሩ ሲነሳ አንዴ ሰምቶ ሕመሙን ስለሚናገር። የአንድ አሮጌ የጭነት መኪና ዓይነት አጠጋገንን አሥራ ስምንት ዓመት በእጁ ሲጽፍና ሲስል ኖረ። ኮምፒውተር ላይ የገለበጥኩለት እኔ ነኝ።

አንድ አሳታሚ ሊያትምለት ተስማማ። አጎቴ ግን «ቆይ፣ አንዴ ልየው» እያለ ወራት ነጎዱ። እኔም ትዕግሥቴ አለቀ። በስልክ የምንገናኝበት የመካኒኮች ቡድን ውስጥ አንዱ «ሞተር ፈትቼ መግጠም አቃተኝ፣ የእናት ልጆች ድረሱልኝ» ሲል መጽሐፉን እንዳለ ለቀቅኩት። ስሙ ያለበት ሽፋን ለብቻው ስለነበር፣ እሱን መጨመር ትዝም አላለኝ። ምስጋናው ሲጎርፍ ደረቴን ነፋሁ።

ወር ሳይሞላ መለዋወጫ የሚሸጥልን ሰው የታተሙ ወረቀቶች ይዞ ጋራዡ መጣ።

«ጆሮ፣ ይቺን አየሃት? ማን እንደጻፋት አይታወቅም፤ እጁ ግን ይባረክ!»

አጎቴ እጁን በጨርቅ ጠርጎ ተቀበለው። የገዛ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ ገለጠ። አንድ ገጽ ላይ ሲደርስ ፊቱ ጠቆረ።

«ይሄን ቁጥር እኮ አርሜዋለሁ። የሞተሩ ክዳን፣ የቴስታታው ብሎን እዚህ ድረስ ከጠበቀ ይበጠሳል።» ቀና ብሎ አየኝ። ያልታረመው ቅጂ ከእኔ ሌላ ማንም ዘንድ እንዳልነበረ ያውቃል።

«ጋሼ፣ ሰው ይጠቀምበት ብዬ ነው» አልኩት።

«ብትጠይቂኝ እምቢ እል ነበር?»

እምቢ እንደማይል አውቅ ነበራ!

ያንኑ ቀን ከቡድኑ አጠፋሁት፤ ግን የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም። አሳታሚውም «በየሰዉ ስልክ ውስጥ ያለ መጽሐፍ አላትምም» ብሎ ተወው። አጎቴን ያሳሰበው ግን ብሎኑ ነበር። ስልኬን ተቀብሎ፣ በዚያ ሻካራ ድምፁ፣ «ወንድሞቼ፣ ገጽ አርባ ሁለት ላይ ያለው ቁጥር ስሕተት ነው፤ እባካችሁ አርሙት» ብሎ ቀርጾ ላከ።

አንዱ ወዲያው መለሰ፦ «አንተ ደግሞ ማነህ? መጽሐፉን አንተ ጻፍከው?» ሌሎቹ በሳቅ አጀቡት።

አጎቴ ስልኩን መለሰልኝና ወደ ሥራው ሄደ። እውነቱን እኔ ጻፍኩላቸው። ጥቂቶች አመኑኝ። አንዱ ግን፣ ብሎኖቹ እጁ ላይ መበጠሳቸውን ነግሮኝ፣ «ምነው ቀድመሽ ብትናገሪ?» አለኝ።

አጎቴ ተቆጥቶኝ አያውቅም፤ ዛሬም «ልጄ» ይለኛል። ስለ ፍሬን የጀመረው ደብተር ግን ዘጠነኛው ገጽ ላይ ቆሟል። ባለፈው «አምጣው፣ ልገልብጥልህ» ስለው፣ «ተይው፣ ራሴው አስቀምጠዋለሁ» አለኝ።