የተነቀለው ማራገቢያ

…ከፊት ቀዝቃዛውን ይስባል፣ ከኋላ የጋለውን ያስወጣል፣ በቃ ይኸው ነው፣ ይችን ለመሥራት ሼህ ሀሚዱ እስኪሞቱ መጠበቅ ነበረበት? ሰላሀዲን የኮምፒውተሩን ሳጥን በጎኑ አጋድሞ አዲሱን ማራገቢያ በብሎን ያስራል፣ ጠዋት ከደሴ በሚኒባስ ያስመጣውን፣ ፕሮሰሰሩ ላይ ያለውንም አሮጌ ማራገቢያ በብሩሽ አራግፎታል፣ የደረቀውን ቅባት ጠርጎ አዲስ ቀብቷል፣ ሁሉንም እንደ ደንቡ፣ አሁን። አሁን! የዛሬ ሳምንት የት ነበርክ፣ አንተ ከብት።

የዛሬ ሳምንት የማራገቢያውን ገመድ የነቀለው ራሱ ነው፣ በገዛ እጁ። ይጮሃላ! ሽሽሽ እያለ ማይኩ ውስጥ ይገባል፣ የሼሁን መንዙማ በሱ ላበላሸው እንዴ፣ ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው፣ ከሐይቅ እስከ አምባሰል እሳቸውን ያህል በቃሉ የያዘ የለም፣ ደብተር ላይ የለ፣ ካሴት ላይ የለ፣ ሁሉም እሳቸው ደረት ውስጥ ነው፣ እና ጥርት ይበል አለ፣ የባጃጁ ጥሩምባ እንዳይሰማ መስኮቱን ጠረቀመ፣ ያ አልበቃው ብሎ ሳጥኑን በብርድ ልብስ ጠቀለለው። ብልጥ ነኛ።

ልጄ፣ አልሞቀህም? አሉት ሼሁ፣ ግንባራቸውን በፎጣ እየጠረጉ። አብሽሩ ሼሃችን፣ ትንሽ ነው የቀረን አላቸው። ነግረውት ነበር እኮ! ፕሮሰሰር ሲግል ራሱን ለማዳን ይጠፋል፣ ያልተቀመጠውን ሁሉ ጥሎ፣ ይህን ለስንቱ ደንበኛ ሲያስተምር ኖሯል። አንድ ሰዓት ሙሉ አዜሙ፣ ዱዓቸውን አድርገው ጨረሱ፣ እሱ ሴቭ ሊያደርግ እጁን ሲዘረጋ ስክሪኑ ድርግም። ምነው ጠፋ? አሉት። ጨርሶ ነው ሼሃችን፣ ተቀድቷል አላቸው። ምን ይበል፣ ያ ደካማ ሽማግሌ በላብ ተጠምቆ፣ ድጋሚ ይበሉልኝ ይበላቸው? አላለም፣ አፈረ፣ ለጁምዓ ሰበብ ፈልጌ እመልሳቸዋለሁ አለ። ሁለት ቀን ፋይሉን ፈለገ፣ ባዶ። ረቡዕ ሼሁ ሞቱ።

ኮምፒውተሩን ያበራዋል። ማራገቢያው ይዞራል፣ አየሩ ከኋላ እጁን ይነካዋል፣ ፕሮሰሰሩ አርባ ስድስት ዲግሪ፣ ወላሂ እንዲህ ቀዝቅዞ አያውቅም፣ ምን ሊቀዳበት ነው አሁን፣ የማንን ድምፅ፣ አፈር በበላሁ።

ስልኩ ይጮሃል። ሂዳያ ናት፣ የሼሁ ልጅ፣ ጂዳ፣ ዘጠኝ ዓመት ሰው ቤት ተቀጥራ፣ ለጀናዛው እንኳ ያልደረሰች፣ ዛሬ ሦስተኛ ጥሪዋ፣ አታንሳ፣ እስከ መቼ ነው የማታነሳው፣ ያነሳል።

ሰላዬ፣ አፉ በለኝ አስቸገርኩህ፣ አባቢ ተቀድቷል ብሎኝ ነበር፣ እያሳመርከው ነው አይደል፣ አታሳምረው ወንድሜ፣ እንዲሁ ላክልኝ፣ ቢንሿሿም ግዴለኝም፣ ሲያስል ብቻ ብሰማው ይበቃኛል።

መሬት ላይ ቁጭ ይላል። የለም ሂዳያ፣ ይላታል፣ አልተቀዳም፣ ማራገቢያውን ነቅዬ፣ ግሎ ጠፋብኝ፣ አባትሽንም ዋሸኋቸው፣ የለም። ትስደበው፣ ኧረ ትርገመው፣ ይሻለው ነበር።

እሺ፣ ትለዋለች፣ አንተ ግን ሰምተኸዋል፣ አጠገቡ ነበርክ፣ ያስታወስካትን አንዷን ስንኝ በልልኝ፣ አንዷን ብቻ።

አፉን ይከፍታል። አንድ ሰዓት ሙሉ ማዳመጫ ጆሮው ላይ ነበር፣ ሽሽሽ አለ አላለም፣ ጥሩምባ ገባ አልገባ፣ እሱን ነው ሲጠብቅ የቆየው፣ ምን ነበር ያሉት፣ መጀመሪያ ምን አሉ፣ አላህ ሆይ አንዲት ቃል፣ አንዲት።

ሰላዬ፣ ትለዋለች፣ እየሰማሁህ ነው።