ጣት የምታህል ትርፍ

ቀናች። ምን ይደረግ፣ ቀናች! ሳቂታዋ ጎረቤቷ እስክትመጣ ድረስ ቅናት የሌሎች ሴቶች በሽታ ነበር የሚመስላት።

ባሏ ቀያሽ ነው። ቀኑን ሙሉ ሜትር ሲዘረጋ፣ ችካል ሲተክል፣ የተኳረፉ ጎረቤቶችን «ያንተ እስከዚህ፣ ያንቺ ከዚህ ወዲያ» ሲል ይውላል። ቤት ሲገባም አይተወውም። «መኪናው ከወሰን በላይ ይበራል» ብትለው «የፍጥነት ገደብ ነው» ይላታል። «ድካሜ ገደብ የለውም» ብትል «ልክ የለውም በይ» ይላታል። ለየማብቂያው ለየብቻ ቃል አለው። ሻዩ ውስጥ የሚጨምረውን ስኳር እንኳ ማንኪያው ላይ በጣቱ ደልድሎ ነው። እሷ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሜትር አንገቷ ላይ ጠምጥማ የምትውል፤ እሷ ግን እንዲህ አታካብድም።

በእነሱና በጎረቤት ግቢ መካከል የነበረውን የቆርቆሮ አጥር ነፋስ ጣለው። አዲሷ ጎረቤታቸው ፀጉር ሠሪ ናት፤ ብቻዋን የምትኖር፣ ስትስቅ መንደሩ የሚሰማላት። ሳቂታዋ ብላ ስም ያወጣችላት ልብስ ሰፊዋ ናት። ሳቂታዋ እንግዲህ አጥሩን በግንብ ልሥራ አለችና፣ ወሰኑን እንዲያሳያት ቀያሹን ለመነችው።

ልብስ ሰፊዋ መስኮቱ ሥር ካለው የስፌት መኪናዋ ላይ ሆና አንድም ሳያመልጣት አየች። ሳቂታዋ ውሃ ስትሰጠው፣ የሲባጎውን ጫፍ ስትይዝለት፣ «ተባረክ ወንድምዬ!» ስትለው። እሷን መንገድ ላይ ስታገኛት ግን «እትዬ» ነው የምትላት። እሱ ወንድምዬ፣ እሷ እትዬ! ያውም ታላቁ እሱ ሆኖ!

ይሄም ይሁን። እሱ ግን ሳቀ። አንጀቷን ያሳረራት ይሄ ነው። ስንት ቀልድ አምጥታለት «እህ» ብሎ የሚያልፍ ሰው፣ ከሳቂታዋ ጋር ጥርሱን አሳየ! ከዚያ ችካሉን አነሳና፣ ሚስቱ ልብስ የምታሰጣበትን ምሰሶ አልፎ፣ አንድ ክንድ ወደ ራሳቸው ግቢ አስገብቶ ተከለው።

«መሬታችንን ሰጠሃት!» አለችው ገና እግሩ ቤት ሳይገባ።

«አልሰጠኋትም። የራሷ ነው። ቆርቆሮው ድሮም ያለቦታው ነው የቆመው።»

«ተው እንጂ! ሴትዮዋ ድንበር እያለፈች ነው!»

«ድንበር የአገርና የአገር ነው» አለ ጫማውን እየፈታ። «የግቢ፣ ወሰን ነው የሚባለው።»

ወሰን! በዚህ ሰዓት! የያዘችውን ድስት አናቱ ላይ ብትደፋበት ማን ይፈርድባታል?

በማግስቱ እሱ ሥራ ሄደ፣ ሳቂታዋም ፀጉር ቤቷን ልትከፍት ወጣች። ልብስ ሰፊዋ መዶሻውን አነሳች። ችካሉን ነቅላ ወስዳ አጥሩ የነበረበት ቦታ ላይ «ልክሽን አሳይሻለሁ፣ ልክሽን!» እያለች መታችው። እጇ እስኪዝል መታችው። ግን ምን ዋጋ አለው፣ ያ ሳቅ ከጆሮዋ አልወጣላትም።

ቀያሹ ገና ከግቢው በር ሆኖ አየው። አልጮኸም። ቢጮህ በስንት ጣዕሙ! ማን ነቀለው ብሎም አልጠየቀም።

«መልሺው» አለ ብቻ።

«አልመልስም! ሳቅህላት እኮ! በዓይኔ በብረቱ አይቼሃለሁ!»

«ሳቋ ነዋ ያሳቀኝ» አለ ግራ ተጋብቶ። «የዛገ በር እኮ ነው የምትመስለው። አንቺ አልሰማሻትም?»

ሰምታታለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን እሷም በሳቅ ትፈርስ ነበር። አሁን ግን ስትቀና የሰነበተችበት እውነተኛው ነገር ከአፏ ወጣ።

«መሬቱ ይቅርብኝ» አለችው። «እኔ ጨርቅ ስቆርጥ ሁልጊዜ ለስፌቱ ጣት የምታህል ትርፍ እተዋለሁ። ካልተውኩ ይተረተራላ! አንተ ግን ለእሷም ልክ፣ ለእኔም ልክ። ይሄን ሁሉ ዓመት አብረን ስንኖር፣ ለእኔ ብለህ አንዲት ጣት ታህል ስተህ ታውቃለህ? ታዲያ እኔ ምንህ ነኝ?»

ሁሉን ቃል የሚያርም ሰው፣ አሁን የሚያርመው አጣ። ከቦርሳው ሜትሩን አወጣና ጫፉን ዘረጋላት።

«ያዢልኝ።»

አብረው ሲኖሩ የሜትሩን ጫፍ አስይዟት አያውቅም። ያዘችለት። ከግቢው ማዕዘን ጀምረው እየለኩ ሳለ ሳቂታዋ ከሥራ ተመለሰች።

«ምነው ወንድምዬ፣ ችካሉ ተሳስቶ ነው እንዴ?»

የልብስ ሰፊዋ ጆሮ ነደደ። አሁን ቢናገርባት የት ትገባለች!

«እያረጋገጥን ነው» አለ ቀያሹ፣ ቀና እንኳ ሳይል። ሳቂታዋንም አላያት፣ አዲሱን ቀሚሷንም አላየው፤ ያየው የሜትሩን ቁጥር ብቻ ነው። ልብስ ሰፊዋ እፎይ አለች። ወዲያው ደግሞ ከፋት። እኔንም እንዲህ ነው ሳያየኝ የኖረው አለች በልቧ።

«እዚህ ጋ» አለ። ችካሉን ከአጥሩ ቦታ ነቅላ አምጥታ ራሷ ተከለችው፣ በመዶሻ መታችው። እሱ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ጎንበስ አለ። ሳይናገር ገባት። ልማድ ሆኖ እጇ ትርፍ ትቷል፤ ያውም ወደ ራሷ ግቢ አስገብታ! ለሳቂታዋ! በገዛ እጇ!

«አንድ ጣት…» ብሎ ጀመረ።

ልትነቅለው እጇን ሰደደች። ታውቀዋለች፤ ለግማሽ ጣት ብሎ በዝናብ ቆሞ ሲነቅልና ሲተክል አይታዋለች። እሱ ግን እጇን ያዛት። ችካሉን አየው። ጥርስ እንደሚያመው ሰው ፊቱ ጭምድድ አለ።

«ይሁን» አለ።

«ተሳስቷል እኮ።»

«አውቃለሁ። አንቺ ነሽ የተከልሽው። ይሁን።»

ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ ወንበሩ ላይ መርጋት አቃተው። እየተነሳ በመስኮቱ ችካሉን ያየዋል፣ እጁን እያሻሸ ተመልሶ ይቀመጣል፣ እንደገና ይነሳል። አልነካውም ግን። እሷ ስፌቷ ላይ አቀርቅራ፣ በተነሳ ቁጥር እያየችው፣ ልቧ ሙሉ ነበር።