የመጀመሪያዋ ማንኪያ

ብርጭቆዎቹ በትሪ ላይ ሆነው ከኩሽና ሲወጡ ልብስ ሰፊዋ መጀመሪያ ያየችው ቀለማቸውን ነው። ቢጫ ነበሩ። ሻይ እንዲህ ቢጫ አይሆንም፣ ውሃም እንዲህ አይመስልም። በዚህ ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ቢጫ ነገር ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ ከትናንት ወዲያ ጠዋት ጀምሮ ማንም ሳይነካው ፍሪጅ ውስጥ ክዳኑን ደፍቶ የተቀመጠው ነጭ ድስት።

«እትዬ» ልትል አፏን ከፈተች። ትሪው ግን ቀድሟት አልፎ ነበር።

የባሏ ታላቅ እህት ትሪውን ይዘው ከወንበር ወደ ወንበር ያልፉ ነበር። እትዬ እጃቸው ሥራ ካልያዘ ሐዘን የሚበረታባቸው ሰው ናቸው። ወንድማቸው ከሞተ ጀምሮ አልተቀመጡም። ወለል ጠርገዋል፣ ብርጭቆ አጥበዋል፣ የታጠበውን ደግመው አጥበዋል። ዛሬ ደግሞ ጠባቧ ሳሎን ውስጥ አሥራ ምናምን ሰው በሙቀት ሲጠበስ አይተው፣ ቀዝቃዛ ነገር እያለ ሰው ለምን ይጠማል ብለው ፍሪጁን ከፍተዋል። ክፋት የለበትም። እንዲያውም ሌላ ቀን ቢሆን ያስመሰግናል።

ልብስ ሰፊዋ ግን ክው ብላ ቀረች። ሁለት ቀን ሙሉ ያቺን ድስት በልቧ ስትጠብቃት ነበር። ለምን እንደምትጠብቃት ለማንም አልተናገረችም፤ ቢጠይቋትም መልስ አልነበራትም። ባሏ በገዛ እጁ የሠራው የመጨረሻ ነገር ነው። እሷም አልቀመሰችውም። ሁሉም ሰው ሲሄድላት ብቻዋን ልትቀምሰው ነበር። አሁን ግን ዓይኗ እያየ በብርጭቆ በብርጭቆ ያልቃል።

«አላለቀሰችም እኮ» አለች አንዷ ጎረቤት፣ ለጎኗ ሴት ብቻ የተናገረች መስሏት።

«ድንጋጤ ነው። ሲለቃት ታለቅሳለች።»

ልብስ ሰፊዋ ሰማቻቸው። እውነታቸውን ነው ብላ አሰበች፤ ስለ ሌላ ሰው የሚያወሩ ይመስል።

ሟቹን ሰፈሩ የሚያውቀው «ጋሽ ቅመሱ» በሚል ስም ነው። ሠላሳ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ ሲወጣ፣ መሪ የለመደ እጁ ምን ይያዝ? አንድ የበጋ ቀን አንድ ዘንቢል ማንጎና ሎሚ ተሸክሞ መጣና የሚስቱን ኩሽና ወረረ። ማንጎውን ልጦ በእጁ ያሸዋል። ሚስቱ ከልብስ ትራፊ በሰፋችለት ነጭ የጥጥ ጨርቅ ያጠልለዋል። ሎሚውን ከመቁረጡ በፊት ጠረጴዛው ላይ በመዳፉ ሥር ያንከባልለዋል፤ «ሎሚ ካላባበሉት አይሰጥም» ይላል። ከዚያ ውሃ አፍልቶ አምስት ማንኪያ ስኳር ያሟሟበታል፣ ሲቀዘቅዝ ይቀላቅለዋል፣ ትንሽ የዝንጅብል ጭማቂ ጠብ ያደርግበታል። ይህን ሁሉ ሲያደርግ ዳኛ ፊት የቆመ ያህል ኮስተር ይላል። ከጨረሰ በኋላ ነው ሰው የሚሆነው።

ወደ መንገድ በሚያሳየው መስኮት ተቀምጦ «ቅመሱ! ቅመሱና ሂዱ!» ይል ነበር። ከመስኮቱ ፊት ለፊት የአውቶቡስ መቆሚያ አለ። አውቶቡስ ዘግይቶ ሰው በፀሐይ ሲቆም፣ ብርጭቆ እየሞላ በነጻ ያዞርላቸዋል። «ሠላሳ ዓመት አስጠብቄያችኋለሁ፤ አሁን ደግሞ ላጠጣችሁ» ሲላቸው የማይስቅ አልነበረም።

ካለፈው ዓመት ወዲህ ደግሞ አንዲት ልማድ ጨመረ። መጠጡ መስኮቱ ጋ ከመድረሱ በፊት አንድ ማንኪያ ይቀዳና፣ እንዳይንጠባጠብ ግራ እጁን ከሥሯ ዘርግቶ ወደ ሚስቱ የስፌት መኪና ይመጣል።

«ቅመሺልኝ።»

እሷ ፔዳሉን ታቆማለች። ትቀምሳለች። «ሎሚ ይጎድለዋል» ትላለች፣ ወይም «ስኳሩን ቀንስ»፤ ሲያምር ደግሞ «በቃ፣ ደርሷል» ትላለች። እሱ ያለችውን አድርጎ ይመለሳል። እስክትፈርድ ድረስ ዓይኑ ከፊቷ አይነቀልም። ለልብስ ደንበኞቿ ሁሉ ትናገረው ነበር። «ባል ማለት እንዲህ ነው። የመጀመሪያዋ ማንኪያ የእኔ ናት!» ትላለች፣ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች።

ከትናንት ወዲያ ጠዋት ግን ማንኪያዋ በክፉ ሰዓት መጣች። ለማግስቱ የምታስረክበው ነጭ ቀሚስ ጉልበቷ ላይ ተዘርግቷል። እሱ ሲጠጋ ከክርኑ ላይ የማንጎ ጭማቂ ጠብ አለና የቀሚሱ ደረት ላይ አረፈ።

«ቅመሺልኝ» አለ፣ ጥፋቱን ሳያይ።

ደሟ ፈላ። «ዛሬስ ራስህ ቅመሰው። አንተ ምላስ የለህም እንዴ?»

ማንኪያዋን እንደያዘ ቆመ። «ምላስማ ነበረኝ» አለና ፈገግ አለ። እሷ አልሳቀችም፣ ቀና ብላም አላየችው። ጨርቅ በውሃ ነክራ ቀሚሱን መጥረግ ጀመረች። ማንኪያዋ ስትታጠብ ሰማች፤ የፍሪጁ በር ሲዘጋ ሰማች። «ለነገ ሎሚ አንሶኛል፤ ገዝቼ ልምጣ» አለ ከበሩ። ድምፁ ላይ ቅሬታ አልነበረም። እሺም አላለችው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚባለው ለዚህ ነው፤ ልትመልሰው ብትፈልግ እንኳ ሰውየው መንገድ ጀምሯል።

ፍራፍሬ ቤቱ ውስጥ፣ ሚዛኑ ፊት ወደቀ። ልቡ ነው አሉ። ሎሚዎቹን ይዞ የመጣው ባለ ሱቁ ራሱ ነበር። «አንድ በአንድ የመረጣቸው ናቸው» ብሎ ፌስታሉን በሩ ሥር አስቀምጦ ሄደ።

እና አሁን ሰው ሁሉ ብርጭቆውን ይዟል።

መጀመሪያ የጠጣችው ፊት ለፊት የተቀመጠችው ጎረቤት ናት። አንድ ጊዜ ተጎነጨችና አፏ እንደሞላ ቀረች። ዋጠች። ብርጭቆውን ተመለከተች። ቀጥሎ ያሉት ሽማግሌ ተጎነጩና ሳል ይዟቸው መሐረብ አወጡ። አንዱ ጥግ ላይ ዓይኑን ጨፈነ። ሰው እየጠጣ ነው፤ ግን ማንም ደግሞ መጎንጨት የሚፈልግ አይመስልም። ለቅሶ ቤት ገብቶ የቀረበለትን የሚመልስ ደግሞ የለም። ይሉኝታ ሲበዛ መርዝም ያስጠጣል።

«እንዴት ነው?» አለች ልብስ ሰፊዋ። ከጠዋት ጀምሮ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ነው።

«ጣፋጭ ነው» አሉ ሽማግሌው።

«በጣም ጣፋጭ» አለ ሌላው ከጥግ።

«እጁን ቁርጥማት አይ...» ብላ ጀመረች ጎረቤቷ፤ የማን እጅ እንደሆነ ትዝ ሲላት ቃሉ አፏ ውስጥ ቀረ።

ከመካከላቸው አንድ ፀጉር አስተካካይ ነበር። የሟቹ የልብ ጓደኛ ነው፤ በየሳምንቱ እየላጨ ሃያ ዓመት ያወራው ሰው። አንዴ ቀመሰ፣ ፊቱ አመድ መሰለ፣ ከዚያ እስከ ብርጭቆው ሥር ድረስ በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው። ባዶውን ብርጭቆ ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ዓይኑን በእጁ ሸፈነ።

ልብስ ሰፊዋ ተነሥታ ወደ ኩሽና ገባች። ድስቱ ጠረጴዛው ላይ ክዳኑን አውልቆ ተቀምጧል። ሥሩ ላይ አንድ ስኒ የሚሞላ እንኳ አልቀረም። እትዬ ተከትለዋት ገቡና በሩን መለስ አደረጉት።

«ይቅር በይኝ ልጄ» አሉ በሹክሹክታ። «አሁን ነው የቀመስኩት። ጨው ነው እኮ። ሰው እጅ ከገባ በኋላ ምን ልበል? ምን ነካው ወንድሜን?»

«ጨው?»

ዓይኗ ወደ መደርደሪያው ሄደ። ሁለት የወተት ዱቄት ጣሳዎች አሉ፣ አንዱ ከሌላው የማይለይ። ምንም አልተጻፈባቸውም፤ መጻፍም አላስፈለገም። በዚህ ቤት ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስኳር በግራ፣ ጨው በቀኝ ነው። አሁን ግን የጉንዳን መስመር ከግድግዳው ስንጥቅ ወጥቶ፣ በግራው ጣሳ ጎን አልፎ፣ ቀኝ ያለው ላይ ይወጣ ነበር።

እሷ ናት ያዞረቻቸው። እሱ ሊሞት አንድ ቀን ሲቀረው፣ ጉንዳን አስቸግሯት መደርደሪያውን አጠበችና ስኳሩን ከስንጥቁ አርቃ ወደ ቀኝ ወሰደችው። ልነግረው ብላ ረሳችው። ቢረሳስ ምን ይመጣል ብላ ይሆናል፤ ጨውና ስኳር ለሚለይ ሰው።

«እንዴት ሳያውቅ?» አለች። «ጣቱን ቢልስ ያውቅ አልነበር?»

«አያውቅም» አለ ከበሩ የመጣ ድምፅ።

ፀጉር አስተካካዩ ነው። ባዶ ብርጭቆውን እንደያዘ ነበር። እትዬ ቦታ ለቀቁለት።

«እህቴ፣ አደራ ብሎኝ ነው ዝም ያልኩት። አምና ያ ጉንፋን ጥሎት የተነሣ ጊዜ፣ ላጭቼው አንገትጌው ላይ ሽቶ ነፋሁበት። ሱቁ በሙሉ ያስነጥሳል። እሱ ቆይቶ ‹ዛሬ ሽቶውን ረሳኸው እኮ› አለኝ። ቀልድ መሰለኝ። በኋላ ነገረኝ፤ ሽታም ጣዕምም ከዚያ ወዲህ የለውም። ሐኪም ቤትም ሄዷል። ይመለስ ይሆናል፣ ጠብቅ ብለው ሰደዱት።»

ልብስ ሰፊዋ ጠረጴዛውን ያዘች። «ዓመት ሙሉ ሾርባዬን ሲበላ ‹ዛሬስ ተሳክቶልሻል› ይለኝ ነበር።»

«ፊትሽን አይቶ ነው። ‹ስትቀምስ ቅንድቧ ከተነሣ ጥሩ ነው፤ እኔም እመርቃታለሁ› ይለኛል። ቢነግርሽ ደግመሽ በፍቅር የምትሠሪለት አልመሰለውም። ሞኝ ነው።»

«ማንኪያዋስ?» ድምፅዋ ቀጠነ። «እኔ እኮ ለክብሬ መስሎኝ ለሰው አወራሁ። ምላስ ሲጠፋው ነው እንዴ የፈለገኝ?»

«እኔም ብዬዋለሁ። እኔ ልቅመስልህ አልኩት፣ ቅርብ ነኝ፣ ሱቄ ማዶ ነው። ‹ሂድ ወዲያ፣ ያንተ ምላስ ምን ያውቃል› አለኝ። ‹ሠላሳ ዓመት በአንድ ገበታ አብሬው የበላሁት ምላስ እያለልኝ› አለኝ።»

እትዬ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ያዙ። ሳሎን ውስጥ አንድ ሰው ወንበር ጎተተ።

«ምላስ የለህም እንዴ አልኩት» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ምን?»

«ያን ቀን ጠዋት። ቅመሺልኝ ሲለኝ። ምላስ የለህም እንዴ አልኩት። ሌላ ቃል አልጨመርኩም። በዚያው ሄደ።»

ፀጉር አስተካካዩ ብርጭቆውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው እጁ አዛወረና ጫማውን ተመለከተ። ልብስ ሰፊዋ ከእሱ የምትጠብቀው ነገርም አልነበረም። ይህን ቃል ይቅር ሊላት የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ፍርዷን ሳይሰማ ነው የሄደው። ማንኪያ ዘርግቶ ጠይቋት ሳትቀምስለት ቀረች፤ ልቧን የሚያደማው ይኸው ነው።

ግድግዳው ላይ ካለችው ሚስማር ማንኪያዋን አወረደች። ድስቱን ዘንበል አድርጋ የቀረውን ሰበሰበች። አንድ ሞላ ያለ ማንኪያ ወጣላት፤ ከዚያ ወዲያ የለም። ግራ እጇን ከሥሯ ዘረጋች፣ እንዳይንጠባጠብ።

«ተይ፣ አይጠጣም» አሉ እትዬ።

ቀመሰች። ጨው ምላሷን አቃጠለው። ከጨው ኋላ ማንጎው መጣ፣ ከማንጎው ኋላ ሎሚው፣ በደንብ የተባበለ ሎሚ። ዝንጅብሉ ልክ ነበር። ሁሉንም ነገር በልኩ አድርጎት ነበር። አልተፋችውም። አፏ ውስጥ ያዘችው፣ ከዚያ ዋጠችው። ዓይኖቿ ሞሉ፤ ከሁለት ቀን በኋላ ገና አሁን።

በተከፈተው በር በኩል መስኮቱ ሥር ያለው ወንበር ይታያል። ከእንግዳው ሁሉ ማንም አልተቀመጠበትም። ወደዚያ ዞረች።

«ስኳር ይጎድለዋል» አለች፣ በየቀኑ በምትለው ድምፅ።

ማንኪያዋን አጥባ ሚስማሯ ላይ ሰቀለቻት። ከዚያም እጆቿን ዘርግታ ሁለቱን ጣሳዎች አወረደች፤ ጉንዳኖቹን እፍ ብላ አራገፈችና ስኳሩን በግራ፣ ጨውን በቀኝ አስቀመጠች።